ኦሜጋ ሴንታውሪ፦ ዕድሜው ስንት ነው? ለመሆኑስ የከዋክብት ክምችት ነው?

ሌሊት ተመልካች (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ግንቦት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በሚገኝ ሜዳ ላይ ሆኜ የደቡቡን ሰማይ በባይኖኩላር ስቃኝ ነበር። ለደቡብ መስቀል ከሚቀርበው ደማቅ ኮከብ፣ ማለትም ከቤታ ሴንታውሪ ተነሥቼ ወደ ኤፕሲሎን ሴንታውሪ በሐሳቤ መስመር ካሰመርኩ በኋላ ያንኑ ያህል ርቀት ወደ ላይ ቀጠልኩ። በዓይን ብቻ ሲታይ ደብዘዝ ያለ ተራ ኮከብ የሚመስለው ነገር በባይኖኩላሩ ውስጥ ስፋቱ ከሙሉ ጨረቃ የማያንስ፣ መሐሉ የደመቀ፣ ጠርዙ እንደ ተነፋ ዱቄት እየሳሳ የሚጠፋ ክብ ጉም ሆኖ ታየኝ።

ያየሁት ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው ሉላዊ የከዋክብት ክምችት መሆኑን አውቅ ነበር። በጥሊሞስ በጥንቱ መዝገቡ እንደ አንድ ኮከብ እንደ ቆጠረው፣ ዮሐን ባየርም እ.ኤ.አ. በ1603 እንደ ማንኛውም ኮከብ ኦሜጋ የሚለውን ፊደል እንደ ሰጠው አንብቤአለሁ። ከዚያ ምሽት በኋላ ግን ስሙንና ታሪኩን ማወቅ ብቻ አልበቃኝም፤ ዕድሜውን በራሴ እጅ ለማስላት ተነሣሁ።

ጋያ የተባለችው መንኮራኩር የለካችው መረጃ ለሁሉም ክፍት ስለ ሆነ፣ በክምችቱ አቅጣጫ ያሉትን ከዋክብት አውርጄ ቀለማቸውን በአግድም፣ ድምቀታቸውን በቁም በማድረግ በሥዕል አሰፈርኳቸው። የተማርኩት ሉላዊ ክምችት ከአንድ የጋዝ ደመና በአንድ ጊዜ የተወለዱ፣ ይዘታቸውም አንድ ዓይነት የሆነ ከዋክብት ስብስብ ነው የሚል ስለ ነበር፣ ከሥር ወደ ላይ ወጥቶ በአንድ ቦታ ላይ የሚታጠፍ ቀጭን ክር እጠብቅ ነበር። ያገኘሁት ግን እንደ ተፈታ ገመድ የተበተነ ነገር ነው። አርጅተው ያበጡት የቀይ ግዙፍ ከዋክብቱ ቅርንጫፍ በጣም ሰፍቷል፤ መታጠፊያውም አንድ ቦታ ላይ አይደለም። እኩል ዕድሜ ያላቸው ከዋክብት በሥዕሉ ላይ የሚሰለፉበትን ቦታ ከሚያሳዩት ዝግጁ የዕድሜ መስመሮች የ10 ቢሊዮን ዓመቱንም ሆነ የ14 ቢሊዮን ዓመቱን ባስቀምጥበት ሁለቱም በከዋክብቱ መካከል ያልፋሉ። የአጽናፈ ዓለሙ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ስለ ሆነ ሁለተኛው መስመር ትክክል ሊሆን እንደማይችል ይገባኛል፤ ሥዕሉ ራሱ ግን ይህን አይነግረኝም።

ስሕተቱ ከእኔ አሠራር ነው ወይስ ክምችቱ ራሱ እንደ ሌሎቹ ስላልሆነ ነው? አንዳንድ ጽሑፎች ደግሞ ይህ ነገር ክምችት ሳይሆን የጋላክሲ ቅሪት ነው ይላሉ። ዕድሜውና ማንነቱ የተያያዙ ጥያቄዎች ይሆኑን? የምታውቁ ሰዎች በትዕግሥት ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።


የፊዚክስ መምህር፦

ድካምዎን አደንቃለሁ። እስቲ ከመሠረቱ እንጀምር፤ ምክንያቱም ከገጠመዎት ችግር ግማሹ ሊታረም የሚችል ነው፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ የክምችቱ የራሱ ጠባይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድን ኮከብ ብቻውን አይቶ ዕድሜውን መናገር እጅግ ከባድ ነው። የክምችት ትልቁ ጥቅም አብሮ አደጎችን በአንድ ሥፍራ ማቅረቡ ነው። ኮከብ በእምብርቱ ያለውን ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም እየለወጠ ይኖራል፤ ክብደቱ በጨመረ መጠን ስንቁ ይበዛል፤ ፍጆታው ግን ከስንቁ በላይ ይበዛል። ብዙ ስንቅ ጭኖ አብዝቶ የሚበላ መንገደኛ፣ ጥቂት ይዞ ቆጥቦ ከሚበላው ቀድሞ አቁማዳው እንደሚራገፍ ማለት ነው። የእኛ ፀሐይ ስንቅ በጠቅላላው ለ10 ቢሊዮን ዓመት ያህል የሚበቃ ሲሆን፣ የፀሐይን 0.8 እጅ ያህል የሚመዝን ኮከብ ከዚያ በላይ ይዘልቃል። በጥንታዊ ክምችቶች ውስጥ ዛሬ ሃይድሮጅናቸውን ጨርሰው ከዋናው ተርታ እየወጡ ያሉት ይህን ያህል የሚመዝኑት ናቸው፤ የመታጠፊያ ነጥብ የምንለውም እነርሱ ያሉበትን ቦታ ነው።

ዕድሜውን የሚናገረው የመታጠፊያው እውነተኛ ብርሃን እንጂ ለእኛ የሚታየው ድምቀት አይደለም፤ ከሚታየው ወደ እውነተኛው ለመሻገር ደግሞ ርቀቱን ማወቅ ግድ ነው። ርቀቱን 10 በመቶ ቢስቱ ብርሃኑን 20 በመቶ ያህል ይስታሉ፤ ዕድሜውንም እንደዚያው። ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚገኘው 17 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ነው። በዚህ ርቀት ላይ ጋያ የለካችው የፓራላክስ ማዕዘን (ምድር ፀሐይን ስትዞር የኮከቡ አቅጣጫ የሚዛነፍበት፣ ርቀቱም የሚሰላበት ማዕዘን) የአንድ ሰከንድ ማዕዘን 5 ሺኛ እጅ ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፣ በመረጃዋ ውስጥ ያለው የታወቀ ጥቂት ዝንፈት እንኳ ካልታረመ ክምችቱን ከእውነተኛ ቦታው አርቆ፣ በዚህም ምክንያት ከዕድሜው በታች ወጣት አድርጎ ያሳይዎታል። በተቃራኒው በመካከል ያለው የጋላክሲያችን የፍኖተ ሐሊብ አቧራ የከዋክብቱን ብርሃን ስለሚያደበዝዝና ስለሚያቀላ፣ እርሱን ካላረሙ ያረጁ ያስመስላቸዋል። ሁለቱንም አርመዋል?

ይህ የርቀት ጉዳይ ቀላል እንዳይመስልዎት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሉላዊ ክምችቶች ዕድሜ 15 ቢሊዮን ዓመትና ከዚያም በላይ ሲባል፣ አንዳንድ የመስፋፋት ስሌቶች ደግሞ ለአጽናፈ ዓለሙ ከዚያ ያነሰ ዕድሜ ይሰጡት ነበር። ልጅ እናቱን በዕድሜ የሚበልጥበት ስሌት ማለት ነው። የሂፓርኮስ መንኮራኩር ልኬት እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ ሲሆን ክምችቶቹ ቀድሞ ከተገመተው ራቅ ያሉ ሆነው ተገኙ፤ ስለዚህ እውነተኛ ብርሃናቸው ከፍ አለ፣ ዕድሜአቸውም ወረደ። በተከታዩ ዓመት የመስፋፋቱ መፋጠን ሲታወቅ ደግሞ የአጽናፈ ዓለሙ ዕድሜ ከፍ ብሎ ሁለቱ ታረቁ። እኔ ተማሪዎቼን ሳስተምር ይህን ታሪክ ሳልነግራቸው አላልፍም።

ለአሁኑ ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ የክምችቱ አባላት በሰማይ ላይ በዓመት 3.2 ሚሊ ሰከንድ ማዕዘን ያህል ወደ ምዕራብ፣ 6.7 ሚሊ ሰከንድ ማዕዘን ያህል ወደ ደቡብ አብረው ይጓዛሉ፤ በዚህ ጉዞ የማይስማሙትን ሁሉ ያስወግዱ፤ የፍኖተ ሐሊብ መንገደኞች እንጂ የክምችቱ ልጆች አይደሉምና። ሁለተኛ፣ መሐሉን ለጊዜው ይተዉት። እዚያ ከዋክብቱ በጣም የተጨናነቁ ከመሆናቸው የተነሣ የጋያ መደበኛ ልኬት ያልደረሰባቸው በርካቶች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በተለየ ዘዴ በወጣው ተጨማሪ መረጃ ብቻ ከ526 ሺህ በላይ አዳዲስ ከዋክብት ተገኝተዋል። ከዳር ጀምረው ወደ ውስጥ ይግቡ።


ሌሊት ተመልካች (ጠያቂ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ መምህር። የአቧራውን እርማት በግማሽ ነበር ያደረግሁት፤ የፓራላክሱን ዝንፈት ግን ጨርሶ አላሰብኩትም። እንዳሉኝ አብረው የማይጓዙትን አስወግጄ፣ መሐሉን ትቼ እንደገና ሠራሁት። ሥዕሉ በእጅጉ ጠርቷል፤ ከዋናው ቅርንጫፍ ውጭ ተበትነው የነበሩት አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ይሁን እንጂ የቀይ ግዙፎቹ ቅርንጫፍ አሁንም አንድ መስመር አልሆነም፤ እንዲያውም ከጠራ በኋላ ከዋናው ቅርንጫፍ በስተቀኝ፣ ወደ ቀይ ያዘነበለ፣ ለብቻው የቆመ ቀጭን ቅርንጫፍ በግልጽ ይታየኛል። ይህንን በየትኛው ስሕተት ላሳብበው?


ስፔክትረም አንባቢ፦

በማንኛውም ስሕተት አያሳብቡት፤ ያዩት እውነት ነው። እኔ የከዋክብትን ብርሃን በመተንተን ሥራ ላይ ስላለሁ ከዚህ ክምችት ጋር ብዙ ጊዜ አሳልፌአለሁ።

በተለመዱት ሉላዊ ክምችቶች ውስጥ የከዋክብቱ የብረት መጠን በጣም ተቀራራቢ ነው። ብረትን ወደ ጋዙ የሚጨምሩት የሚፈነዱ ከዋክብት ናቸው፤ ፍንዳታው የሚረጨው ጋዝ ደግሞ እጅግ ፈጣን ስለ ሆነ የአንድ ተራ ክምችት ስበት ይዞ ሊያስቀረው አይችልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ትውልድ ብረት የወረሰ ሁለተኛ ትውልድ አይኖርም። በኦሜጋ ሴንታውሪ ግን የብረቱ መጠን ከፀሐይ መቶኛ እጅ ተነሥቶ እስከ ሲሶ ገደማ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ጥናት 855 ቀይ ግዙፍ ከዋክብትን አንድ በአንድ ለክቶ ይህንኑ ስፋት አሳይቷል። በስተቀኝ ለብቻው የቆመው ቅርንጫፍዎ በብረት የበለጸጉት ናቸው። ክምችቱ ዛሬ የፀሐይን 4 ሚሊዮን እጥፍ ያህል ይመዝናል፤ በፍኖተ ሐሊብ ካሉት የታወቁ ሉላዊ ክምችቶች ሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። ይህም ሆኖ የፍንዳታ ጋዝን ይዞ ለማስቀረት በቀድሞ ዘመኑ ከዛሬው በብዙ የሚበልጥ ስበት በዙሪያው ሊኖረው ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ሁለቱ መስመሮችዎ እንመለስ። ብረት የበዛበት ኮከብ፣ ዕድሜውና ክብደቱ እኩል ከሆነ ብረት ካነሰው ይልቅ ቀላ ይላል፣ ይደበዝዛልም። እርጅናም በመታጠፊያው ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው። እንግዲህ በብረት የበለጸገ ወጣት ትውልድ በሥዕልዎ ላይ ብረት ካነሰው አሮጌ ትውልድ ጋር ሊደራረብ ይችላል፤ የእርስዎ የ10 ቢሊዮንና የ14 ቢሊዮን ዓመት መስመሮች ሁለቱም ያለፉት ለዚህ ነው። ለሁሉም አንድ የብረት መጠን ገምተው ነው መስመሮቹን ያስቀመጡት። አንድ ዕድሜ መጠየቅ የሚቻለው አንድ ትውልድ ሲኖር ነው፤ እዚህ ግን የምንጠይቀው ስለ አንድ ቤተ ዘመድ ነው።

ከብረቱ በላይ እኔን የሚያስደንቀኝ ሂሊየሙ ነው፤ ስለ እርሱ ትንሽ ብዘረዝር ይቅርታ አድርጉልኝ። እ.ኤ.አ. በ2004 በሀብል ቴሌስኮፕ ፎቶግራፎች የተደረገ ጥናት የክምችቱ ዋና ተርታ፣ ማለትም ገና ሃይድሮጅናቸውን የሚያነድዱ ከዋክብት ያሉበት መስመር፣ አንድ ሳይሆን ለሁለት የተከፈለ መሆኑን በማያሻማ ሁኔታ አሳየ። አንዱ ቀላ ያለና ብዙ ከዋክብት ያሉበት፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ ያደላና አነስ ያለ ነው። ማንም ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ሰማያዊው ብረት ያነሰው ነው ብሎ ነው። በተከታዩ ዓመት በቺሊ በሚገኘው ግዙፍ ቴሌስኮፕ የሁለቱ መስመሮች ብርሃን ሲተነተን ግን ውጤቱ የተገላቢጦሽ ሆነ፦ ሰማያዊዎቹ ከቀዮቹ በእጥፍ ያህል የሚበልጥ ብረት አላቸው። ብረቱ እያለ ሰማያዊ ሊሆኑ የቻሉበት አጥጋቢ ማብራሪያ ሂሊየማቸው እጅግ ከፍተኛ ነው የሚለው ነው፤ ከተለመደው 25 በመቶ ገደማ ወደ 40 በመቶ የተጠጋ። ሂሊየም የበዛበት ኮከብ ይበልጥ ይሞቃል፣ ስንቁንም ቶሎ ይጨርሳል። ስለዚህ ለዕድሜ ስሌትዎ ሦስተኛ የማይታይ እጅ ገባ ማለት ነው፤ ሁለት ከዋክብት በአንድ ዘመን ተወልደው፣ ብረታቸውም እኩል ሆኖ፣ በሂሊየማቸው ልዩነት ብቻ መታጠፊያቸው የተለያየ ቦታ ላይ ይውላል።

መፍትሔው ከዋክብቱን በብረት መጠናቸው ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን የራሱን የዕድሜ መስመር መስጠት ነው። ለዚህ ግን የቀይ ግዙፎቹ ቅርንጫፍ አያገለግልም፤ ዕድሜ ቅርንጫፉን የሚያንቀሳቅሰው በጥቂቱ ነውና። ዕድሜ በደንብ የሚነበበው ከመታጠፊያው ወጥተው ወደ ግዙፍነት በሚሻገሩት፣ ንዑስ ግዙፍ በምንላቸው ከዋክብት ላይ ነው። ዛሬ ኦሜጋካት በተባለው ክፍት መዝገብ ውስጥ ከ300 ሺህ የሚበልጡ የዚህ ክምችት ከዋክብት ብርሃን ተተንትኖ ይገኛል። ከመዝገቡ ወደ 8 ሺህ ገደማ ንዑስ ግዙፎችን መርጦ የተሠራው ጥናት አማካይ ዕድሜአቸውን 12 ቢሊዮን ዓመት ገደማ አድርጎታል። በትውልዶቹ መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት ግን አሁንም ያከራክራል፤ ከ2 ቢሊዮን ዓመት በታች ነው ያሉ ጥናቶች እንዳሉ ሁሉ እስከ 4 ቢሊዮን ያደረሱትም አሉ። የልዩነቱ ዋና ምክንያት ለሂሊየሙ የሚሰጡት ግምት ነው።


ከኔጌቭ፦

እኔ የምኖረው በእስራኤል ደቡብ ስለ ሆነ ኦሜጋ ሴንታውሪን የማየው ከአድማስ 12 ዲግሪ እንኳ በማይሞላ ከፍታ፣ በበረሃው አቧራ ውስጥ ነው፤ በደብረ ብርሃን ከ30 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ስለሚታይዎት እድለኛ ነዎት። ማንነቱን በተመለከተ ግን ጥያቄዎ ብዙ ስላልተመለሰ ጥቂት ልጨምር።

ኤድመንድ ሃሌይ እ.ኤ.አ. በ1677 ከሴንት ሄለና ደሴት ሆኖ ሲያየው ኮከብ አለመሆኑን ለየ፤ በ1830ዎቹ ጆን ኸርሸል ከደቡብ አፍሪካ ሲመለከተው በርካታ ከዋክብት የሞሉበት ሉላዊ ክምችት መሆኑን ገለጸ። ከኮከብ ወደ ጉም፣ ከጉም ወደ ክምችት የተሻገረው ነገር አሁን ደግሞ ወደ ጋላክሲ እምብርትነት እየተሻገረ ነው። ለዚህ የሚቀርበው ማስረጃ የብረቱ ስፋት ብቻ አይደለም። ክምችቱ በፍኖተ ሐሊብ ዙሪያ የሚዞረው ከጋላክሲው ሽክርክሪት በተቃራኒ ነው፤ ከውጭ ገብቶ የተዋጠ እንግዳ እንደዚህ ቢያደርግ የሚያስገርም አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2019 በጋያ መረጃ ፊምቡልቱል የተባለ የከዋክብት ጅረት ከእርሱ የተቀደደ መሆኑ ታውቋል። አምሳያውም አለ፦ ኤም 54 የተባለው ክምችት ዛሬ በፍኖተ ሐሊብ እየተቀደደ ባለው የሳጂታሪየስ ድንክ ጋላክሲ እምብርት ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ሳጂታሪየስ ከጥቂት ቢሊዮን ዓመታት በኋላ ተበታትኖ ሲያልቅ ኤም 54 ብቻውን ይቀራል፤ ያኔ የሚያየው ሰው እኛ ዛሬ ስለ ኦሜጋ ሴንታውሪ የምንጠይቀውን ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ደግሞ አለ። ተመራማሪዎች በሀብል ከ20 ዓመት በላይ የተነሡ ከ500 የሚበልጡ ፎቶግራፎችን አስተያይተው የ1.4 ሚሊዮን ከዋክብትን እንቅስቃሴ ለኩ። በመሐሉ ላይ ሰባት ከዋክብት ክምችቱ ይዞ ሊያቆያቸው ከሚችለው ፍጥነት በላይ ሲሮጡ ተገኙ። አብረው ሳይበተኑ እዚያው የቆዩት ቢያንስ የፀሐይን 8,200 እጥፍ የሚመዝን ጥቁር ጉድጓድ ስለያዛቸው ነው የሚል መደምደሚያ ተሰጥቷል። እንዲህ ያለ ጥቁር ጉድጓድ የጋላክሲ እምብርት ምልክት ነውና፣ እኔ ጉዳዩ ያለቀለት ይመስለኛል።


የፊዚክስ መምህር፦

በመጨረሻው ዐረፍተ ነገርዎ ላይ ብቻ አልስማማም። የጋላክሲ እምብርት መሆኑን እኔም እቀበላለሁ፤ የጥቁር ጉድጓዱን ግን ያለቀለት አልለውም። የፐልሳሮችን፣ ማለትም እየተሽከረከሩ በየጊዜው የሬዲዮ ምት የሚልኩ የሞቱ ከዋክብትን፣ የጊዜ ልኬት የጨመረ ሌላ ጥናት በመሐሉ ያለው ስበት ከአንድ ትልቅ ጥቁር ጉድጓድ ይልቅ ከብዙ ትናንሽ ጥቁር ጉድጓዶች ስብስብ ጋር ይበልጥ እንደሚስማማ አሳይቷል። የዕድሜውና የብረቱ ማስረጃ ያለ ጥቁር ጉድጓዱም በራሱ ይቆማል።

ደግሞም ብዙ ትውልድ ያለው ክምችት ሁሉ የተዋጠ ድንክ ጋላክሲ ነው ማለት እንዳልሆነ ጠያቂያችን ቢያውቁ ጥሩ ነው። አጎፕ ተርዛን እ.ኤ.አ. በ1968 ያገኘው ተርዛን 5 በፍኖተ ሐሊብ መሐል ባለው የከዋክብት እብጠት ውስጥ በአቧራ ተሸፍኖ የሚገኝ ክምችት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት ሁለት ትውልዶቹ 12 ቢሊዮንና 4.5 ቢሊዮን ዓመት እንደሆናቸው ተሰልቷል። በመካከላቸው ከ7 ቢሊዮን ዓመት በላይ አለ። ይሁን እንጂ የከዋክብቱ ይዘት ከእብጠቱ ከዋክብት ጋር ስለሚመሳሰል፣ ከውጭ የመጣ ሳይሆን ጋላክሲያችን ራሱ ሲገነባ የተረፈ ጥንታዊ ጉማጅ ነው ተብሎ ይታመናል። የዕድሜው ስፋት አንድ ነገር ይነግረናል፤ የመጣበትን አገር የሚነግረን ግን ይዘቱና ጉዞው ነው።


ሌሊት ተመልካች (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከኦሜጋካት መዝገብ ንዑስ ግዙፎቹን አውጥቼ በብረት መጠናቸው በአራት ከፈልኳቸው፤ ርቀቱንና የአቧራውን መጠን ለአራቱም አንድ አድርጌ አሠርኩት። ብረት ያነሰው ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ያን የምጠብቀውን ቀጭን ክር ሰጠኝ፤ የ14 ቢሊዮን ዓመቱ መስመርም ከእርሱ በታች ወድቆ ቀረ። ሁለቱ መካከለኛ ቡድኖች ገና እየተደራረቡብኝ ነው፤ ነገሩ የሂሊየሙ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት የሂሊየሙን መጠን 25 እና 38 በመቶ አድርጌ ለየብቻ እሞክራቸውና ሥዕሎቹን እዚሁ አቀርባለሁ።